ልጄን በእንግሊዝኛ ብቻ ላውራት? ስለ ቋንቋና አስተሳሰብ ከኮምቦልቻ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። እኔና አባቷ የምናወራት በአማርኛ ነው። የባለቤቴ እናት ከከሚሴ መጥተው አብረውን ስለሚኖሩ እሳቸው ደግሞ የሚያወሯት በኦሮምኛ ነው። በቅርቡ በተጠራው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አስተማሪ ‹ሰው የሚያስበው በሚናገረው ቋንቋ ልክ ነው፤ በአማርኛ ብቻ ያደገ ልጅ ሐሳቡም ጠባብ ይሆናል። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሯቸው። ሦስት ቋንቋ ደግሞ ልጅን ግራ ያጋባል› አሉን። የእኔ እንግሊዝኛ እስከዚህም ነው። እውነት ቋንቋ አስተሳሰብን ይወስናል? ልጄን ሳላውቅ እየጎዳኋት ነው ወይ? እባክዎ ይምከሩኝ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ መልስ ልጽፍ ስቀመጥ መጀመሪያ የያዘኝ ሳይንሱ አልነበረም። «አንቺ» ልበላት ወይስ «እርስዎ»? የሚለው ነበር። አንቺ «ይምከሩኝ» ብለሽ አክብረሽኛል። ዕድሜሽን አላውቅም። የሰባት ዓመት ልጅ እናት መሆንሽንና ከአማትሽ ጋር መኖርሽን አይቼ «ታናሽ እህቴ ብትሆን ነው» አልኩና «አንቺ» ለማለት ቆረጥኩ። ቅር እንደማትሰኚብኝ ተስፋ አለኝ።

ይህንኑ መልስ በእንግሊዝኛ ብጽፍልሽ ኖሮ ይህ ሁሉ ማውጣት ማውረድ አያስፈልገኝም ነበር። አንዲቱ «ዩ» ለሕፃኑም ለሽማግሌውም፣ ለወንዱም ለሴቲቱም ትበቃለች። አማትሽ ልጅሽን በኦሮምኛ «አቲ» ሲሏት ደግሞ ያው ቃል ለወንድ ልጅም ያገለግላል፤ ለትልቅ ሰው ግን «ኢሲን» ይላሉ። ኦሮምኛው ክብርን ይጠይቃል፣ ፆታን በዚህ ቦታ አይጠይቅም። አማርኛ ሁለቱንም ይጠይቃል። ወንድ ነህ ሴት፣ ታላቅ ነህ እኩያ፣ ይህን ሳትወስኚ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ለሰው መናገር አትችዪም።

የጥያቄሽ መልስ ከሞላ ጎደል እዚችው ውስጥ አለ። ሮማን ያኮብሰን የተባለ ትልቅ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቋንቋዎች በዋናነት የሚለያዩት ሊሉት በሚችሉት ነገር ሳይሆን የግድ ሊሉት በሚገባቸው ነገር ነው የሚል ሐሳብ አስቀምጧል። በየትኛውም ቋንቋ የፈለግሽውን ማለት ትችያለሽ። ነገር ግን እያንዳንዱ ቋንቋ በር ላይ ቆሞ «ይህን ሳትነግሪኝ አታልፊም» የሚልሽ የራሱ ጥያቄ አለው። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ በቀን ሺህ ጊዜ ያንኑ ጥያቄ የሚጠይቅሽ ቋንቋ ዓይንሽን ወደዚያ ነገር ያስለምደዋል። ቋንቋ በሐሳባችን ላይ ያለው ጉልበት ይህ ነው። ዓይንን ያስለምዳል እንጂ ሐሳብን አያጥርም። አስተማሪው የተናገሩት ግን ስለ አጥር ነው።

የእሳቸውም አነጋገር ከሜዳ የመጣ አይደለም። ቤንጃሚን ሊ ዎርፍ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። የተማረው የኬሚካል ምሕንድስና ነው፤ እንጀራው የእሳት አደጋ መድን ድርጅት ውስጥ መርማሪነት ነው። በትርፍ ጊዜው ግን የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ቋንቋዎች ያጠና ነበር፤ ከታዋቂው የቋንቋ ሊቅ ከኤድዋርድ ሳፒርም ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1941 ገና በ44 ዓመቱ አረፈ። የምንናገረው ቋንቋ ዓለምን የምናይበትን መንገድ ይቀርጻል የሚለው ትምህርት እስከ ዛሬ በእነዚህ በሁለቱ ስም ይጠራል።

ዎርፍ ከመድን ሥራው ያወጣት አንዲት ምሳሌ ለኮምቦልቻ ሰው ሳትተረጎም ትገባለች። በባቲ በኩል የሚመጡትን የነዳጅ ቦቴዎች ዘወትር ታያለሽ። ነዳጅ የጫነ ቦቴ አጠገብ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው የለም። ነዳጁን ያራገፈው ቦቴ ግን «ባዶ» ነው። «ባዶ» ሲባል ሰው ይዘናጋል። ውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ለፍንዳታ ከፈሳሹ ይልቅ የቀረበ መሆኑን ቃሉ አይነግርም። በደንብ ሳይታጠብና ትነቱ ሳይወጣ የሚበየድ ባዶ ቦቴ ሰው የሚገድለው በዚህ ነው። ዎርፍ ያየው ይህንኑ በቤንዚን በርሜሎች ላይ ነው። ሠራተኞቹ በሙሉው ዘንድ ይጠነቀቃሉ፣ «ባዶ» በተባለው ዘንድ ግን እንደ ልባቸው ናቸው።

ምሳሌዋን እወዳታለሁ፤ ግን እስከ መጨረሻው ተከተያት። ልምድ ያለው በያጅ ለረዳቱ ምን ይለዋል? «ባዶ ነው ብለህ እንዳትሸወድ፣ ትነት አለው» ይለዋል። በዚያው በአማርኛ፣ ያንኑ «ባዶ» የሚለውን ቃል ይዞ ነው የሚነግረው። ረዳቱም ወዲያው ይገባዋል። ቃሉ ለጊዜው ዓይኑን ጋረደው እንጂ አእምሮውን አልዘጋውም። ለማስተዋል ሌላ ቋንቋ መማር አላስፈለገውም፤ የሚያውቅ ሰው ቢነግረው በቃው።

ዎርፍ ከዚህ አልፎ ሲሄድ ተሳሳተ። በአሪዞና የሚኖሩት ሆፒዎች ቋንቋቸው ጊዜ የምንለውን ነገር በቀጥታ የሚገልጽ ቃልም ሰዋስውም የለውም፣ ስለዚህ ጊዜን የሚረዱት ከእኛ ፍጹም በተለየ መንገድ ነው ብሎ ጻፈ። ኤክሃርት ማሎትኪ የተባለ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1983 ከ600 ገጽ በላይ በሆነ መጽሐፍ ሆፒዎች ቀኑን፣ ወሩን፣ ያለፈውንና የሚመጣውን የሚናገሩባቸውን አነጋገሮች አንድ በአንድ ዘርዝሮ አሳየ። «እገሌ የሚባል ሕዝብ ለእንዲህ ያለ ነገር ቃል የለውም» የሚል ወሬ ስትሰሚ ይህን አስቢ። እኛ «አምና»፣ «ካቻምና»፣ «ዘንድሮ»፣ «ከርሞ» እያልን እያንዳንዱን ዓመት በአንድ ቃል እንጠራዋለን። እንግሊዝኛ ለ«ካቻምና» አንድ ቃል የለውም፤ እንግሊዞች ግን ያለፈው ዓመት ከእሱ በፊት ካለው ዓመት አይምታታባቸውም። ሁለት ሦስት ቃል ደርድረው ይሉታል፣ አለቀ።

ከቃሉ ትርጉም ተነሥቶ ስለ ሰው አእምሮ መፍረድም እንደዚሁ አያዋጣም። «በፊት» ስንል ያለፈውን ነው፤ «ወደፊት» ስንል የሚመጣውን። ሁለቱም ከ«ፊት» የወጡ ናቸው። አንድ የውጭ አገር ሰው ይህን ብቻ አይቶ «አማርኛ ተናጋሪዎች ያለፈውና የሚመጣው ይምታታባቸዋል» ቢል ትስቂበት ነበር። ወፍጮ ቤት ወረፋ ስንይዝ ከእኛ ፊት ያለው ከእኛ በፊት የመጣው ነው፤ መንገድ ስንሄድ ደግሞ ፊታችን ያለው ገና የምንደርስበት ነው። ቋንቋችን ሁለቱንም አስተያየት ይዟል፣ እኛም ሳናስበው ከአንዱ ወደ ሌላው እንሄዳለን።

«አማርኛ ጠባብ ነው፣ እንግሊዝኛ ሰፊ ነው» የሚል ሚዛን በእኛ ሙያ ውስጥ የለም። ይህን በሙሉ አፌ የምነግርሽ ነው። የቃል እጥረት ባለበት ቃል ይፈጠራል ወይም ይዋሳል፤ እንግሊዝኛ ራሱ ግማሽ አካሉ ከፈረንሳይኛና ከላቲን የተዋሰው ነው።

እንግዲህ ቋንቋ ሐሳብን ፈጽሞ አይነካም ማለቴ ነው ወይ? አይደለም። ይነካል፤ የሚነካበትን ቦታ አይቶ መናገር ነው የሚያስፈልገው። ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ደግሞ ከራሳችን ቋንቋ ውስጥ ያለ ነው፦ «ልኝ» እና «ብኝ»።

ኩታበር ወይም ወረኢሉ ያለ ገበሬ የካቲት ላይ የበልጉ ዝናብ ሲጥል «ዘነበልን» ይላል። ኅዳር ላይ አዝመራው ታጭዶ ሳይወቃ ያው ዝናብ ቢመጣ «ዘነበብን» ይላል። ከሰማይ የወረደው ውሃ አንድ ነው። በ«ል» እና በ«ብ» መካከል ግን የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ አለ። አንቺም ሥራው «አለቀልኝ» ትያለሽ፣ ዱቄቱ «አለቀብኝ» ትያለሽ። ዳኛው ፈረደለት፣ ዳኛው ፈረደበት። የእቁብ ዕጣ ወጣልኝ። የሐረጎን መንገድ ሳልጨርስ መሸብኝ። ይህችን «መሸብኝ» እስቲ ወደ እንግሊዝኛ መልሻት። መምሸቱን ትነግሪያለሽ፤ ምሽቱ በአንቺ ላይ መምጣቱን፣ መንገድሽን መቁረጡን ለመናገር ግን ሌላ ዓረፍተ ነገር መጨመር ሊኖርብሽ ነው። ሰዋስዉ እንደ ፆታው ግዴታ አይጥልም፤ «መሸ» ብለሽ ብታቆሚ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ልጇን የቀበረች እናት «ልጄ ሞተ» ካለችና «ልጄ ሞተብኝ» ካለች የሰማው ሁሉ ልዩነቱን ያውቃል። አማርኛ የሆነውን ነገር ብቻ አይጠይቅሽም። ለማን ሆነ፣ በማን ላይ ሆነ ብሎም ይጠይቅሻል።

ይህ በማስታወስ ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ? በአማርኛ ሳይሆን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ተናጋሪዎች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ለዚህ በጣም ቅርብ ነው። ኬትሊን ፎሲና ሌራ ቦሮዲትስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመውታል። ሰዎቹ ቪዲዮ ያያሉ፤ አንድ ሰው ዕቃ ይሰብራል፣ ፊኛ ያፈነዳል፣ መጠጥ ይደፋል። አንዳንዱ ሆን ብሎ ነው፣ አንዳንዱ ሳያስበው። ሆን ተብሎ በተደረገው ላይ ሁለቱም ወገኖች ማን እንዳደረገው እኩል አስታወሱ። ሳይታሰብ በሆነው ላይ ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አድራጊውን የበለጠ አስታወሱ። ምክንያቱን ከአነጋገራቸው ታገኚዋለሽ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ በአደጋም ቢሆን «እሱ የአበባ ማስቀመጫውን ሰበረው» ማለት ይቀናዋል። ስፓኒሽ ተናጋሪ እንዲህ ላለው ነገር «ተሰበረበት» የሚመስል አነጋገር አለው። የእኛ «ብርጭቆ ተሰበረብኝ» የተወለደው ከዚያው ዓይነት አስተያየት ነው።

እዚህ ላይ ማንም ብልጥ፣ ማንም ደንቆሮ አልወጣውም። አንዱ ቋንቋ «ማን አደረገው?» ወደሚለው ያዘነብላል፣ ሌላው «ሆን ተብሎ ነው ወይስ ሳይታሰብ?» ወደሚለው። ልጅሽ አማርኛዋንም እንግሊዝኛዋንም በደንብ ከያዘች ሁለቱም ጥያቄዎች አብረዋት ያድጋሉ። አማርኛውን ብትነጥቂያት አንዱ ጥያቄ ይቀርባታል እንጂ ሐሳቧ አይሰፋም።

ሌላው ደሴ ላደገ ሰው ቅርብ የሆነው ነገር ላይና ታች ነው። እኔ ያደግኩት ደሴ ነው። የደሴ ሰው መንገድ ሲጠቁምሽ አዳምጪው፤ «ቀኝ ታጠፊ» ከሚልሽ ይልቅ «ወደ ላይ ውጪ፣ ከዚያ ትንሽ ወረድ በይ» ይልሻል። የጦሳ ተራራ ከላይ ነው፣ የቦርከና ወንዝ ከታች ነው፤ ከተማው በሁለቱ መካከል ተዳፋት ላይ ተንጠልጥሏል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ የከፍታው ልዩነት ግን ከ600 ሜትር በላይ ስለሆነ በስልክ እንኳ «ኮምቦልቻ ወረድኩ»፣ «ደሴ ወጣሁ» እንባባላለን።

በሜክሲኮ ቺያፓስ ውስጥ ቴኔሃፓ በሚባል ተራራማ አገር ጼልታል የሚናገሩ ሰዎች ይህን ከእኛ በላይ አጥብቀው ይዘውታል። አገራቸው ከደቡብ ወደ ሰሜን ያዘቀዝቃል። ስለዚህ ቤት ውስጥ፣ ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ ስላለ ዕቃ ሲናገሩ እንኳ «ጠርሙሱ ከወንበሩ ሽቅብ ነው» ይላሉ፤ ወደ ደቡብ ነው ማለታቸው ነው። በአውስትራሊያ ጉጉ ይሚዲር የሚባለው ቋንቋ ተናጋሪዎች ደግሞ (ካንጋሮ የሚለው ቃል ለዓለም የተዋሰው ከእነሱ ነው) ግራና ቀኝን ትተው በአራቱ ማዕዘናት ይናገራሉ፤ «ከእግርህ በስተ ምሥራቅ ጉንዳን አለ» እንደ ማለት። እንዲህ ለመናገር ሌሊትም ቀንም፣ ውጭም ቤትም ምሥራቁ የት እንደሆነ ማወቅ የግድ ይላል፤ እነሱም ያውቁታል።

ስቴፈን ሌቪንሰንና ባልደረቦቹ ይህን የፈተኑበት መንገድ ቀላል ነው። ጠረጴዛ ላይ ዕቃ ይደረድራሉ። ሰውየውን ወደ ኋላው አዙረው ሌላ ጠረጴዛ ላይ «እንደነበረው ደርድረው» ይሉታል። የደች (የሆላንድ ቋንቋ) ተናጋሪው በግራና በቀኙ ይደረድራል፤ የጼልታል ተናጋሪው ሰሜኑን በሰሜን፣ ደቡቡን በደቡብ ይመልሰዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ፔጊ ሊ እና ላይላ ግሌይትማን የተባሉ ተመራማሪዎች ተነሡና ተከራከሩ። አሜሪካውያን ተማሪዎችም በመስኮት የውጭውን ዓለም ሲያዩ ወይም ምልክት የሚሆን ነገር ሲቀርብላቸው አደራደራቸው እንደሚለወጥ አሳዩ። ስለዚህ ቋንቋው ነው ወይስ አገሩ? ብለው ጠየቁ። ክርክሩ ከዚያ በኋላም ብዙ ወረቀት አስጽፏል። እኔ ደሴን እያሰብኩ ሳየው ሁለቱን መነጠል አይሆንልኝም። ተራራው ቋንቋውን አስተማረ፤ ቋንቋው ደግሞ ተራራውን ያላዩትን ልጆች ጭምር ያስተምራል። ደሴ ተወልዶ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ዛሬም አቅጣጫ ሲጠፋው «ላይ የቱ ነው?» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ስለ ቀለም ብዙ ይወራል፤ ባጭሩ ልንገርሽ። ሩሲያኛ ለደማቁና ለውሃ ሰማያዊው ሁለት የተለያዩ ስሞች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ሩሲያኛ ተናጋሪዎች ሁለት ሰማያዊዎችን ለመለየት፣ ቀለሞቹ በሁለቱ ስሞች ድንበር ግራና ቀኝ ሲወድቁ ፈጥነው ተገኙ። ፍጥነቱ ግን እጅግ ትንሽ ነው። በዚያ ላይ በሐሳባቸው ቁጥር እየደጋገሙ እንዲሠሩ ሲደረግ ጠፋ፤ ቃሉ ሥራ ሲበዛበት ዕርዳታውም ቀረ ማለት ነው። ዓይናቸው ከእኛ ዓይን አልተለየም።

ቋንቋው ለመጪው ጊዜ የተለየ ግሥ የሌለው ሕዝብ የበለጠ ይቆጥባል የሚልም እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የአንድ የኢኮኖሚ ባለሙያ ጥናት አለ። በኋላ የቋንቋዎች ዝምድና ከግምት ሲገባ ግንኙነቱ በጣም ሳሳ። እኛም «በየቀኑ እሄዳለሁ» እና «ነገ እሄዳለሁ» ስንል ግሡ አንድ ነው። ነገር ግን የሚያስቆጥበን ግሡ አይመስለኝም፤ የእቁቡ ዳኛና የጎረቤት ዓይን ነው።

አሁን ወደ ልጅሽ ልመለስ። ለእናት ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥናት የመጣው ከኒካራጓ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በማናጓ ከተማ መስማት የተሳናቸው ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት ተሰበሰቡ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ በየቤቱ ብቻውን ነበር። ልጆቹ ማንም ሳያስተምራቸው በመካከላቸው አዲስ የምልክት ቋንቋ ፈጠሩ፤ በየዓመቱ የሚገቡት ታናናሾች ደግሞ ቋንቋውን አበለጸጉት። የመጀመሪያዎቹ ቋንቋ እንደ «መሰላት»፣ «አላወቀም»፣ «አሰበ» ላሉ ነገሮች ምልክት ብዙም አልነበረውም። ጄኒ ፓየርስና አን ሴንጋስ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳተሙት፣ እነዚህ ሰዎች አድገውም ቢሆን ሌላ ሰው በተሳሳተ እምነት ተመርቶ ምን እንደሚያደርግ መገመት ይቸግራቸው ነበር። ታናናሾቹ አልተቸገሩም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታላላቆቹም ምልክቶቹን ከታናናሾቹ ሲለምዱ ችሎታቸው ተሻሻለ።

ልጅን አሳቢ የሚያደርጋት «አባትሽ የተቆጣ የመሰለሽ ለምንድን ነው?»፣ «አያትሽ ቁልፉ የት ያለ መስሏቸው ነው እዚያ የሚፈልጉት?» የሚል ወሬ ነው። ስለ ሰው ሐሳብ፣ ስለ ምክንያት፣ ስለ ቢሆንና ባይሆን የሚያወራ ቤት ይዞ ማደግ ነው። ይህን ወሬ በየትኛው ቋንቋ ነው በሙሉ አቅምሽ ልታወሪላት የምትችዪው? «የእኔ እንግሊዝኛ እስከዚህም ነው» ብለሻል። በእንግሊዝኛ ብቻ ካወራሻት «ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ፣ እጅሽን ታጠቢ» ብቻ ነው የሚተርፋት። ተረቱ ይቀራል፣ ለምኑ ይቀራል፣ ክርክሩ ይቀራል። አስተማሪው የፈሩት ጠባብነት የሚመጣው ያኔ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የምነግርሽ። እኔ በተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ የተናገረን ልጅ ስም የክፍሉ አለቃ ይጽፍ ነበር፤ ስሙ የተጻፈ ይገረፋል። እንግሊዝኛ እንድናስብበት ታስቦ ነበር። የሆነው ግን ዝም ማለት ነው። አንድ ጓደኛዬ ሒሳብ ከሁላችንም የሚበልጥ ልጅ ነበር፤ ባለማወቁ ሳይሆን በስሙ መጻፍ ምክንያት ዓመቱን ሙሉ እጁን አላወጣም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

በአገራችን የተሠራም ጥናት አለ። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር በቀረበው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት ተሽለው ተገኝተዋል። ይህን የምልሽ እንግሊዝኛን ለመንቀፍ አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጅሽ በደንብ ልትማረው ይገባል። በደንብ ከሚያውቀው ሰው፣ ከመጽሐፍ፣ ከጥሩ ፕሮግራም ትማረው። ቤቱን ግን ለቋንቋው ብላችሁ ዲዳ አታድርጉት።

«ሦስት ቋንቋ ግራ ያጋባል» ስለተባለው፣ ልጅሽ አንዳንዴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ ትቀላቅል ይሆናል። መቀላቀል መምታታት አይደለም። ለአያቷ በኦሮምኛ፣ ለአንቺ በአማርኛ ዞር እያለች የምትመልስ ከሆነ ማን በምን እንደሚናገር ጠንቅቃ አውቃለች። በአንዱ ቋንቋ ብቻ የምታውቃቸው ቃላት ከእኩዮቿ ጥቂት ሊያንሱ ይችላሉ፤ የሁሉንም ደምረሽ ስትቆጥሪ ግን አታንስም። «ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ አእምሮው ይበልጣል» የሚሉም አሉ። እሱንም በጥንቃቄ ያዢው፤ በብዙ ሺህ ልጆች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ያን ያህል ብልጫ አላገኙም። ኦሮምኛው ለልጅሽ ያለው ጥቅም አያቷን ማግኘቷ ነው፣ ከሚሴ ስትሄድ የአጎቶቿ ልጆች መካከል እንግዳ አለመሆኗ ነው። ወሎ ውስጥ ሁለት ቋንቋ ይዞ ገበያ መውጣት ከጥንት የነበረ ኑሮ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ ስሜት። በእናት ቋንቋና በኋላ በተማርነው ቋንቋ ስናስብ የሚሰማን አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 አልበርት ኮስታና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን «ባቡር እየመጣባቸው ያሉ አምስት ሰዎችን ለማዳን አንድ ሰው ከድልድይ ገፍተህ ሐዲዱ ላይ ትጥላለህ ወይ?» ብለው ጠየቁ። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲጠየቁ ከመቶ 20 ያህሉ «አዎ» አሉ፤ በውጭ ቋንቋ ሲጠየቁ 33 ያህሉ። ያው ጥያቄ ነው፤ በውጭ ቋንቋው ግን ዘግናኝነቱ ቀለለ። ለሒሳብና ለንግድ ይህ ቀዝቃዛነት ሊጠቅም ይችላል። ልጅሽ ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ ግን «አብሽሪ» ስትያት ቃሉ እቅፍ ነው። ቃሉ ከዓረብኛ መጥቶ በእኛ አገር የእናት አፍ ሆኗል። በእንግሊዝኛ ብታጽናኛት ትርጉሙ ይደርሳት ይሆናል፤ ሙቀቱ ግን ከአንቺም አፍ አይወጣም፣ ምክንያቱም አንቺ ራስሽ በእሱ ተጽናንተሽ አላደግሽም።

ስለዚህ ማታ ማታ በአማርኛ ተረት ንገሪያት፣ ለምን ለምን ስትልሽ አትሰልቺ። አማትሽ ኦሮምኛቸውን እንዳያቋርጡ አደራ በያቸው፤ «ልጅቷን ጎዳኋት» ብለው እንዳይሸማቀቁ በተለይ ንገሪያቸው። አስተማሪውንም በትሕትና አነጋግሪያቸው። ለልጆቹ ተጨንቀው የተናገሩት ነገር እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ይህን መልስ ብታሳዪያቸው ደስ ይለኛል።

እንዲሁም አንድ ነገር ሞክሪልኝ። ቤት ውስጥ ስኒ ሲሰበር ወይም ወተት ሲደፋ ልጅቷ የሆነውን ለአያቷ በኦሮምኛ ትንገራቸው። ቆይታ ለአንቺ በአማርኛ ትንገርሽ። በማግስቱ ደግሞ ለአስተማሪዋ በእንግሊዝኛ። አታርሚያት፣ ጎን ሆነሽ ስሚ ብቻ። ማን እንደሰበረው በየትኛው ላይ ቀድማ ተናገረች? «ሰበርኩት» ያለችው የት ላይ ነው፣ «ተሰበረብኝ» ያለችውስ? ያየሽውን እንዳለ ጻፊልኝ።